የኦሪዮን ኔቡላን ከኢትዮጵያ ሰማይ ሥር ፎቶ ማንሳት፦ ከዝግጅት እስከ መጨረሻው ምስል

ከኅዳር እስከ የካቲት፣ ሰማዩ በጠራ ሌሊት ቀና ያለ ሰው ሦስት ደማቅ ኮከቦች በአንድ መስመር ተደርድረው ያገኛል። ኦሪዮን የሚባለው የኮከቦች ስብስብ አካል ናቸው፤ የኦሪዮን መቀነት ይባላሉ። ከመቀነቱ በስተደቡብ ደብዘዝ ያሉ ጥቂት ኮከቦች አሉ፤ ከእነሱ መካከል ጭጋግ የለበሰ የሚመስለው ነጥብ ኮከብ ብቻ አይደለም። 1,340 የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ የሚገኝ፣ ስፋቱ 24 የብርሃን ዓመት ገደማ የሆነ የጋዝና የአቧራ ደመና ነው፤ ዛሬም ኮከቦች እየተወለዱበት ነው። በሰማይ አካላት መዝገብ ላይ ስሙ ኤም 42 ነው፤ በተለምዶ የኦሪዮን ኔቡላ ይባላል። ኔቡላ ለመጀመሪያ ጊዜ በፎቶ የተያዘውም እሱው ነው፤ አሜሪካዊው የከዋክብት ተመራማሪ ሄንሪ ድሬፐር መስከረም 1880 እ.ኤ.አ. በ28 ሳንቲሜትር ቴሌስኮፕ 51 ደቂቃ ጠብቆ አነሳው። ዛሬ በ72 ሚሊሜትር ቴሌስኮፕና በተራ ካሜራ ከዚያ እጅግ የላቀ ምስል ማውጣት ይቻላል።

አብዛኛው መመሪያ የተጻፈው ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ ሰማይ ነው። እዚያ የሰሜን ኮከብ ከፍ ብሎ ስለሚታይ መሣሪያውን ማስተካከል ይቀላል፤ ኦሪዮን ግን ዝቅ ብሎ ወፍራም አየር ውስጥ ያልፋል። እኛ ጋ ነገሩ ይገለበጣል። አዲስ አበባ ላይ ኔቡላው ከአድማስ 75 ዲግሪ ድረስ ይወጣል፤ ለንደን ላይ ከ33 ዲግሪ አያልፍም። ብርሃኑ የሚያቋርጠው አየር ለንደን ላይ ካለው በግማሽ ገደማ ያነሰ ነው ማለት ነው። በምትኩ የሰሜን ኮከብ 9 ዲግሪ ላይ ተለጥፎ ከተራራና ከሕንፃ ኋላ ይደበቃል። ስለዚህ እዚህ አገር ድካሙ ያለው ኔቡላውን ማግኘት ላይ ሳይሆን ማውንቱን (ቴሌስኮፑን ተሸክሞ የሚያዞረውን መሣሪያ) ከሰማይ ዋልታ፣ ማለትም ሰማዩ ከሚዞርበትና የሰሜን ኮከብ አጠገቡ ካለው ነጥብ ጋር ማሰለፍ ላይ ነው። ከታች ሰፊውን ቦታ የያዘውም ይኸው ነው።

መቼ፣ የት

በታኅሣሥ መጀመሪያ ኔቡላው አናት ላይ የሚደርሰው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። በየወሩ 2 ሰዓት ያህል ስለሚቀድም በጥር አጋማሽ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ በየካቲት መጨረሻ ደግሞ ገና ሲመሽ አናት ላይ ይሆናል። ከ30 ዲግሪ በላይ የሚቆየው 8 ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ስለሆነ በታኅሣሥና በጥር አንድ ሌሊት ይበቃል። ጨረቃ የሌለችባቸውን ቀናት ምረጡ፤ ሙሉ ጨረቃ ካለች ደማቁ እምብርት ቢወጣም በዙሪያው ያለው ስስ አቧራ ይጠፋል።

ኅዳር 12 ከተማ ውስጥ ለማንሳት አታስቡ። ኅዳር ሲታጠን የሚነሳው ጭስ አየሩን ይሸፍነዋል። በሌሎች ቀናትም የማገዶና የከሰል ጭስ በምሽቱ የመጀመሪያ ሰዓታት መሬት ላይ ይተኛል፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚነሳው ፎቶ ብዙ ጊዜ ጥርት የሚለው ለዚህ ነው። ከከተማ መውጣት ከተቻለ እጅግ ይሻላል። የእንጦጦ የጠፈር ምርምር ማዕከል ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖቹን 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተከለው በከንቱ አይደለም፤ ከፍታው ላይ አየሩ ስስና ደረቅ ነው።

ገጠር ስትወጡ አስቀድማችሁ ለአካባቢው ሰውና ለጸጥታ አካላት ንገሩ። በጨለማ በሦስት እግር የቆመ ቱቦ ከሩቅ ምን እንደሚመስል አስቡት። ቴሌስኮፕ ከውጭ የምታስመጡ ከሆነም ከመግዛታችሁ በፊት ጉምሩክን ጠይቁ።

ዕቃው

ገንዘባችሁን መጀመሪያ ማውንት ላይ አውሉ። ጥሩ ማውንት ላይ ያለ መካከለኛ ቴሌስኮፕ ጥሩ ፎቶ ይሰጣል፤ ደካማ ማውንት ላይ የተጫነ ውድ ቴሌስኮፕ ግን የተጎተቱ ኮከቦችን ብቻ ይሰጣል። የሚያስፈልገው ኢኳቶሪያል ማውንት ነው፤ አንዱ ዘንጉ ወደ ሰማይ ዋልታ ተነጣጥሮ ከምድር ዙረት ጋር እኩል የሚሽከረከር። አምራቹ 10 ኪሎ ይሸከማል ካለ ለፎቶ ከ5 እስከ 6 ኪሎ ብቻ ጫኑበት።

ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ነገር አረጋግጡ። አንደኛ፣ የማውንቱ የኬክሮስ ማስተካከያ እስከ ስንት ዲግሪ ዝቅ ይላል? አዲስ አበባ 9፣ ሐዋሳ 7፣ ባሕር ዳር 11 ተኩል፣ መቀሌ 13 ተኩል ዲግሪ ላይ ናቸው። ዝቅተኛው 15 ወይም 20 የሆነ ማውንት ካጋጠማችሁ በትራይፖዱ እግሮች አዘንብላችሁ ካልሆነ አይሠራላችሁም። ሁለተኛ፣ ዘንጉ ወደ መሬት ተጠግቶ ሲተኛ የክብደት ማመጣጠኛው ዘንግ ከትራይፖዱ እግር ጋር ይጋጫል። መካከል ላይ የሚገባ ማራዘሚያ ምሰሶ ይህን ይፈታዋል።

ለቴሌስኮፕ የሌንሱ ስፋት ከ60 እስከ 80 ሚሊሜትር የሆነ፣ የትኩረት ርዝመቱ 400 ሚሊሜትር አካባቢ የሆነ ሌንሳማ ቴሌስኮፕ ለዚህ ኔቡላ ልክ ነው። ለምሳሌ ስፋቱ 72፣ የትኩረት ርዝመቱ 420 ሚሊሜትር የሆነው ኤፍ 6 (ርዝመቱ ለስፋቱ ሲካፈል) ይጠጋል። ከመካከለኛ ሴንሰር ካሜራ ጋር 3 በ2 ዲግሪ የሚሆን ሰማይ ይይዛል፤ የኔቡላው ስፋት 1 ዲግሪ ስለሆነ በሰሜኑ ያለው ሰማያዊው «የሚሮጠው ሰው» ኔቡላም አብሮ ይገባል። የትኩረት ርዝመታቸው 1,000 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑትን ለኋላ አቆዩ፤ ማንኛውንም ስህተት አጉልተው ያሳያሉ።

ካሜራው ሌንሱ የሚነቀል ማንኛውም ዲጂታል ካሜራ ይሁን። በፋብሪካ የሚገጠምለት ፊልተር 656.3 ናኖሜትር ላይ ያለውን የሃይድሮጅን ቀይ ብርሃን አብዛኛውን ያስቀረዋል፤ ለዚህ ነው ሌሎች ቀይ ኔቡላዎች በተራ ካሜራ ደብዝዘው የሚወጡት። ኤም 42 ግን ከቀዩ ሌላ 500.7 ናኖሜትር ላይ ጠንካራ የኦክስጅን ብርሃንና ከአቧራው የተንጸባረቀ ሰማያዊ ስላለው ያልተቀየረ ካሜራ ይበቃዋል። በዚህ ምክንያት ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ኔቡላ የለም።

ከዚህ ሌላ፦ ለካሜራው መገጣጠሚያ ቀለበት፣ የማዕዘን ኮከቦችን የሚያስተካክል ፍላትነር፣ ተከታታይ ፎቶ የሚያዝ ኢንተርቫሎሜትር፣ የጤዛ ማሞቂያ ቀበቶ፣ ቀይ የራስ መብራት። ፍላትነሩ ከሴንሰሩ የሚኖረው ርቀት ለብዙዎቹ 55 ሚሊሜትር ነው፤ በ1 ሚሊሜትር ሲዛነፍ ማዕዘኖቹ ላይ ይታያል።

መብራት ይኖራል ብላችሁ አትተማመኑ። ማውንቱና ማሞቂያው በ12 ቮልት 2 አምፒር ያህል ይወስዳሉ እንበል፤ ለ6 ሰዓት 12 አምፒር ሰዓት ነው። የአሲድ ባትሪን ከግማሽ በላይ ማውረድ ዕድሜውን ስለሚያሳጥር ቢያንስ 24 አምፒር ሰዓት ያዙ። ላፕቶፕ ካለ ለብቻው አስሉት።

ተከላና ማመጣጠን

ጠንካራ መሬት ላይ፣ ገና ብርሃን ሳለ ትከሉ። እግሮቹን በጣም አትዘርጉ፣ ሙሉ በሙሉም አታስረዝሙ። የማውንቱ ጀርባ ወደ ደቡብ፣ ዘንጉ ወደ ሰሜን ይሁን። ቴሌስኮፑንና ካሜራውን ከነሙሉ ገመዳቸው ከጫናችሁ በኋላ ሁለቱንም ዘንጎች አመጣጥኑ፤ ክላቹ ተለቅቆ በየትኛውም አቅጣጫ ስታቆሙት ባለበት መቆየት አለበት። በዋናው ዘንግ ላይ ወደ ምሥራቅ በኩል ጥቂት ክብደት ማስቀረት ይመከራል፤ ማርሾቹ ሁልጊዜ በአንድ ጎን ተነክሰው ስለሚሄዱ ወዲያና ወዲህ አይዋልሉም።

ቀጥሎ ጨለማ ሳይሆን በፊት ቴሌስኮፑን በእጅ ወደ አናት አዙሩትና ካሜራው ከትራይፖዱ እግር ጋር ይጋጭ እንደሆነ እዩ። ኦሪዮን አናታችን አጠገብ ስለሚያልፍ ይህ ግጭት እኛ ጋ ሁልጊዜ የሚያሰጋ ነው፤ ሞተሩ ገፍቶ ማርሹን ሊጎዳ ይችላል።

ማውንቱን ከዋልታው ጋር ማሰለፍ

መጀመሪያ ምን ያህል ትክክለኛነት እንደሚያስፈልጋችሁ እወቁ። አንድ ዲግሪ 3,600 አርክሰከንድ ነው። በ400 ሚሊሜትር ቴሌስኮፕና በ4.3 ማይክሮን ፒክስል፣ አንዱ ፒክስል የሚሸፍነው 2.2 አርክሰከንድ ነው። ዘንጉ ከዋልታው 1 ዲግሪ ከራቀ ኮከቡ በደቂቃ እስከ 16 አርክሰከንድ ይንሸራተታል፤ 7 ፒክስል ማለት ነው፣ ፎቶው ተበላሸ። ስህተቱ የዲግሪ አንድ አሥረኛ ከሆነ ግን በደቂቃ 1.6 አርክሰከንድ ብቻ ነው፤ ከአንድ ፒክስል በታች። ግባችሁ ይህ ይሁን፤ ከዚያ በላይ ማሳመር ጊዜ መብላት ነው።

የሰሜን ኮከብ የሚታይ ከሆነ፦ የማውንቱን ከፍታ በኬክሮሳችሁ ላይ አድርጉ፣ በፖላር ስኮፑ (ማውንቱ ዘንግ ውስጥ ባለችው ትንሽ መነጽር) ኮከቡን ፈልጉ፣ የስልክ መተግበሪያ የሚያሳየው የሰዓት ቦታ ላይ አስቀምጡት። 9 ዲግሪ ላይ የሚታይ ኮከብ በአየሩ ብርሃን አጣጣፍ ምክንያት ከእውነተኛ ቦታው የዲግሪ አንድ አሥረኛ ያህል ከፍ ብሎ ይታያል፤ ከላይ ያየነው ልክ ስለሆነ ለአንድ ደቂቃ ፎቶ አያሳስብም።

ግን ሽሮ ሜዳ ላይ ወይም ሌላ የእንጦጦ ግርጌ ላይ የቆመ ሰው የሰሜን ኮከብን ጨርሶ አያየውም፤ ተራራው ይጋርደዋል። ሁለት መንገድ አለ።

አንደኛው ላፕቶፕ ላላቸው ነው። ኒና የተባለው ነጻ ፕሮግራም በሦስት ነጥብ የማሰለፍ ተጨማሪ መሣሪያ አለው። ከሰማዩ ከየትኛውም ክፍል ሦስት ፎቶ ያነሳል፣ በኮከቦቹ አቀማመጥ ስህተቱን ያሰላል፣ ከዚያ የከፍታና የአግድም ብሎኖቹን ስታዞሩ ቁጥሩ ሲቀንስ ያሳያችኋል። ዋልታውን ማየት አያስፈልገውም። የኮከብ ካርታውን ግን ቤት ሳላችሁ አውርዱ፤ ሜዳ ላይ ኢንተርኔት ሲጠፋ ሥራው ሁሉ ይቆማል።

ሁለተኛው ያለ ኮምፒውተር የሚሠራው የመንሸራተት ዘዴ ነው። ማውንቱን በስልክ ኮምፓስ ወደ ሰሜን አዙሩ፤ ስልኩ እውነተኛውን ሰሜን እንዲያሳይ አድርጉት፣ ከብረትም አርቁት። ከዚያ በሰማይ ወገብ (ከምድር ወገብ ትይዩ ሰማዩ ላይ በሚታሰበው መስመር) አቅራቢያ ያለ፣ አናት ላይ የደረሰ ኮከብ ያዙ። እኛ ጋ የሰማይ ወገብ ከአናታችን በስተደቡብ 9 ዲግሪ ብቻ ዝቅ ብሎ ያልፋል። ኮከቡን በካሜራው ስክሪን አጉልታችሁ ለ5 ደቂቃ ተከታተሉ። ወደ ደቡብ ከተንሸራተተ ዘንጉ ወደ ምሥራቅ አዘንብሏልና ወደ ምዕራብ መልሱት፤ ወደ ሰሜን ከተንሸራተተ ተቃራኒውን አድርጉ። ቀጥሎ በምሥራቅ በኩል ከአድማስ 20 እስከ 30 ዲግሪ ከፍ ያለ ኮከብ ያዙ። ወደ ደቡብ ከሄደ ዘንጉ ዝቅ ብሏል፣ ከፍ አድርጉት፤ ወደ ሰሜን ከሄደ ዝቅ አድርጉት። ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ የሚታየውን መወዛወዝ ችላ በሉት፤ እሱ የማርሹ እንጂ የአሰላለፉ አይደለም። ሁለቱን እየተፈራረቃችሁ ድገሙ። በስክሪኑ ላይ ሰሜኑ የት እንደሆነ ካልለያችሁ ቴሌስኮፑን ትንሽ ወደ ሰሜን ገፋ አድርጉት፤ ኮከቡ የሄደበት አቅጣጫ ደቡብ ነው።

ከተሰለፈ በኋላም የማውንቱ ማርሽ የራሱ ስህተት አለው፤ ትል ማርሹ በ10 ደቂቃ አካባቢ አንዴ ሲዞር ኮከቡ ወዲያ ወዲህ ይላል። ጋይዲንግ (ሌላ ትንሽ ካሜራ ኮከብ እየተከታተለ ማውንቱን የሚያርምበት ዘዴ) ከሌላችሁ ከ30 ሰከንድ አትለፉ፣ ከፎቶዎቹም ሲሶው ሊጣል እንደሚችል ተቀበሉ። ጋይዲንግ ካላችሁ ፒኤችዲ 2 የተባለውን የጋይዲንግ ፕሮግራም በመቀነቱ ኮከብ በሚንታካ አጠገብ ካሊብሬት አድርጉ፤ ከሰማይ ወገብ ሩብ ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሚርቅ የተመቸ ነው። የስህተቱ አማካይ ከ1.5 አርክሰከንድ በታች ከሆነ ለዚህ ቴሌስኮፕ በቂ ነው።

ፎከስ

የኦሪዮንን ደማቅ ኮከብ ሪጀልን ያዙ፣ የባህቲኖቭ ማስክ (ለፎከስ የሚያገለግል ስንጥቆች ያሉት መሸፈኛ) ከፊት ግጠሙ፣ ስክሪኑን 10 ጊዜ አጉሉት። ሦስት የብርሃን መስመሮች ይታያሉ፤ መካከለኛው የሁለቱን መገናኛ እኩል ሲቆርጥ ፎከሱ ገብቷል። ቆልፉት፣ ማስኩን አንሡ። ማስኩን ረስቶ ማንሳት የተለመደ ነውና በመጀመሪያው ፎቶ ላይ ኮከቦቹ ጨረር እንዳላወጡ አረጋግጡ። በደጋ የታኅሣሥ ሌሊት ሙቀቱ ቶሎ ስለሚወርድ ቱቦው ይኮማተራል፤ በየሰዓቱ ፎከሱን ፈትሹ። ማሞቂያ ቀበቶውን ጤዛው ከመውረዱ በፊት አብሩት። ሌንሱ ላይ ጤዛ ካረፈ በጨርቅ አትጥረጉት፤ ሙቀት ሰጥታችሁ ይትነን።

ማንሳት

ካሜራውን በእጅ ሞድ፣ በሮው ፎርማት (ካሜራው ባላቀነባበረው ጥሬ ፋይል)፣ አይኤስኦ 800 ላይ አድርጉ። የረጅም ፎቶ ኖይዝ (ምስሉ ላይ የሚበተን ሻካራነት) ማጽጃውን አጥፉ፤ ካልጠፋ ከእያንዳንዱ ፎቶ በኋላ ያንኑ ያህል ጊዜ ስለሚወስድ ሌሊቱን ለሁለት ይከፍለዋል።

የዚህ ኔቡላ ፈተና እምብርቱ ነው። መካከሉ ላይ ትራፔዚየም የሚባሉ አራት ወጣት ኮከቦች አሉ፤ ከእነሱ ትልቁ በሚረጨው አልትራቫዮሌት ደመናውን ሁሉ የሚያበራው እሱ ነው። ዳርቻውን የሚያወጣ ፎቶ እምብርቱን ወደ ነጭ ነጠብጣብ ይለውጠዋል። አንድ ርዝመት ብቻ መርጦ ሁለቱን መያዝ አይቻልም፤ በሦስት ርዝመት አንሡ፦

ጨለማ ቦታ ላይ፣ ጋይዲንግ ካላችሁ፣ 120 ሰከንድ የሆኑ 60 እና ከዚያ በላይ ፎቶዎች፤ ከተማ ውስጥ ግን ሰማዩ ቶሎ ስለሚነጣ 30 ወይም 45 ሰከንድ አድርጋችሁ ቁጥሩን አብዙ። ለመካከለኛው ክፍል 15 ሰከንድ የሆኑ 30። ለእምብርቱ 3 ሰከንድ የሆኑ 30። የረጅሙ ልክ የሚታወቀው በሂስቶግራሙ (ካሜራው በሚያሳየው የብርሃን ስርጭት ግራፍ) ነው፤ ጉብታው ከግራ ጠርዝ ተላቅቆ ከሩብ እስከ ሲሶ ላይ ይቀመጥ። የ3 ሰከንዱን አጉልታችሁ እዩ፤ አራቱ ኮከቦች ተለያይተው ከታዩ ልክ ነው።

በየጥቂት ፎቶው መካከል ቴሌስኮፑን ጥቂት ፒክስል ዘወር አድርጉት። ይህን ካላደረጋችሁ የሴንሰሩ ቋሚ ጉድለት ሲደራረብ ሰያፍ ጭረት ሆኖ ይወጣል፤ ኋላ በሶፍትዌር ማጥፋቱ ይከብዳል።

ኔቡላው አናት ሲያልፍ ቴሌስኮፑ ወደ ሌላኛው ጎን መገልበጥ አለበት። በታኅሣሥ መጀመሪያ ይህ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ሰዓቱን ቀድማችሁ ጻፉት፣ ከተገለበጠ በኋላም ፎከሱን ደግማችሁ እዩ።

ማስተካከያ ፎቶዎች

ዳርክ፦ ቴሌስኮፑ ተከድኖ፣ በዚያው ርዝመት፣ አይኤስኦና ሙቀት፣ ከ20 እስከ 30። ዕቃ እያሸጋችሁ ይነሳሉ። ባያስ፦ ተከድኖ በካሜራው ፈጣኑ ፍጥነት 50። ፍላት፦ ካሜራውን ሳትነቅሉ፣ ሳታዞሩ፣ ፎከሱን ሳትነኩ፤ ንጹሕ ነጭ ቲሸርት ሳይጨማደድ ቴሌስኮፑ አፍ ላይ ወጥራችሁ ወደ ንጋቱ ሰማይ አቅኑ፤ የሂስቶግራሙ ጉብታ መካከል እንዲሆን አድርጋችሁ 25 አንሡ። ፍላት የዘለለ ሰው የሴንሰሩ አቧራ ክብ ጥላ ሆኖ ኔቡላው ላይ ሲያርፍ ያየዋል። በበጋ አቧራ ደግሞ ይህ የማይቀር ነው።

ኮምፒውተር ላይ

ፎቶዎቹን ደራርቦ አንድ ምስል የሚያደርገው ሲሪል የተባለው ፕሮግራም ነጻ ነው፣ ይበቃልም። ለእያንዳንዱ ርዝመት የላይት (የኔቡላው ዋና ፎቶዎች)፣ የዳርክ፣ የፍላትና የባያስ ማኅደሮችን ፍጠሩ፤ ስክሪፕቱ የሚፈልጋቸው በተወሰነ የእንግሊዝኛ ስም ስለሆነ አጻጻፉ በአንድ ፊደል እንኳ እንዳይዛነፍ። ከመደራረቡ በፊት የተጎተቱትንና አውሮፕላን ወይም ደመና የገባባቸውን አውጡ። የፎቶው ቁጥር 4 እጥፍ ሲሆን ኖይዙ በግማሽ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከ20 ወደ 80 መሄድ ዓይን የሚያየው ልዩነት አለው፣ ከ80 ወደ 100 ግን እምብዛም። በመጨረሻ ሦስቱን ውጤቶች እርስ በርስ አሰልፏቸው።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ጠርዙን መቁረጥ፣ የሰማዩን የብርሃን ዝንባሌ ማውጣት፣ ቀለሙን በኮከቦች ማስተካከል፣ ከዚያ ብቻ ምስሉን ማብራት። ዝንባሌውን ስታወጡ የናሙና ነጥቦቹን በእጅ አስቀምጡ። ፕሮግራሙ ራሱ እንዲመርጥ ከተተወ ኔቡላው ዙሪያ ያለውን ስስ አቧራ የከተማ ብርሃን ነው ብሎ ይጠርገዋል፤ ያን ሁሉ ሰዓት የጠበቃችሁት ለእሱ ነበር። አረንጓዴ ማጥፊያውንም በልክ ተጠቀሙ። እምብርቱ ላይ ያለው አረንጓዴ ስህተት አይደለም፣ የኦክስጅኑ ብርሃን ነው።

ሦስቱን ለማዋሃድ ጊምፕ በተባለው የምስል ማስተካከያ ፕሮግራም ረጅሙን ከታች፣ አጭሩን ከላይ አድርጉ፤ ለላይኛው ማስክ (የትኛው ክፍሉ እንደሚታይ የሚወስን ሽፋን) ጨምሩና የረጅሙን ምስል ጥቁርና ነጭ ቅጂ ለጥፉበት፤ ማስኩን ከ30 እስከ 50 ፒክስል አደብዝዙት። እምብርቱ ዙሪያ ጥቁር ቀለበት ከታየ ማደብዘዙ አንሷል ወይም አጭሩ ምስል በቂ አልበራም።

ሲበላሽ ከምን እንደሆነ

ኮከቦቹ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ከተጎተቱ አሰላለፉ ወይም ማርሹ ነው፤ ወደ ሰሜንና ደቡብ ከሆነ አሰላለፉን፣ ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ከሆነ ማርሹንና ሚዛኑን ተጠራጠሩ። መካከሉ ደህና ሆኖ ማዕዘኖቹ ብቻ ከተጎተቱ የፍላትነሩ ርቀት ነው። አንዱ ጎን ብቻ ከተበላሸ ካሜራው ዘንበል ብሎ ተገጥሟል። ኮከቦቹ እየቆዩ ካበጡ ፎከሱ ሸሽቷል ወይም ጤዛ አለ፤ ጤዛ ከሆነ በደማቆቹ ዙሪያ ጭጋግ ይታያል። ዘፈቀደ የሆነ ዝላይ ካለ የሚጎተት ገመድ ፈልጉ፤ ገመዶቹን ከማውንቱ ጋር እሰሩ።

የካቲት አልቆ ኦሪዮን ወደ ምዕራብ ሲያዘነብል ቀጣዩ ዒላማ የካሪና ኔቡላ ነው። ስፋቱ ከኤም 42 ይበልጣል፣ ለአውሮፓ ሰማይ ግን ከአድማስ በላይ አይወጣም። አዲስ አበባ ላይ እስከ 21 ዲግሪ ድረስ በደቡብ ይወጣል፤ በሚያዝያ መጀመሪያ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ከፍተኛው ላይ ነው። ያው ቴሌስኮፕና ያው አይኤስኦ ይሠራሉ። ደቡቡ የተከፈተ፣ ከከተማ በስተደቡብ ያለ ቦታ ምረጡና የበልጉ ዝናብ በሚሰጣችሁ ክፍተት አንሡት።